ሁለተኛው ጉርሻ

አንዱን ጥይት ጎርሶ፣ ሁለተኛው ሲሰጥ
ከንፈሩን ይገጥማል፤ ከቶም አይውጥ።
ግማሹ ከውስጥ ነው፣ ግማሹ ከደጅ፣
በሩ ላይ ይቆማል እንዳኮረፈ ልጅ።

"ታሟል" አለች አክስቴ፣ አሮጊቷ ፊሎሜን፣
"አንተ አይደለህ እንዴ የብረት ወገን?"
የጀልባ ሞተር ነው እኔ የማውቀው፣
ጠመንጃ ሲታመም ማን ላከኝ እንድጠይቀው?
ቢሆንም ከስኳሩ ጣሳ ጎን አጋደመችው፤
ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ስቤ ባዶነቱን አሳየኋት፤ አየችው።

ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ነው።
የሳስካችዋን ሰሜን፤ ጥር፤ ሐይቁ ድንጋይ የሆነው።
ትናንት ከጥዶቹ ሥር የሙስ ዱካ አይታለች፣
ፈረስ የሚያክለውን አጋዘን፤ "ሲነጋ እወጣለሁ" ብላለች፣
በሰማንያ አንድ ዓመቷ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጎን በሩን ምላስ፤
ስፕሪንጉ ደክሞ እንደሆን በአውራ ጣቴ ስዳስስ
ይገፋል፣ ይመለሳል። እሱስ ደህና ነው።
ቀጥሎ ማንሻውን፣ ጥይት ወደ በርሜል የሚያሻግረውን፣
በላምባ አጠብኩት፤ የስንት ክረምት ቅባት
እንደ ጥድ ሙጫ ደርቆ ተጣብቆበት፣
ጥቁር ውሃ ወረደ፣ ሁለት ጨርቅ ጨረስኩ፤
"አሁንስ ድኗል" ብዬ መልሼ አጎረስኩ።
አንዱን ዋጠ። ሁለተኛውን? እንትፍ!
"ጥይቱ ይሆን?" ብዬ ሌላ ፓኮ ከፈትኩ፣
ቁመቱን አንድ በአንድ ለካሁ፣ አመሳከርኩ፤
ጥይቱ ንጹህ ነው፤ እኔ ነኝ የሳትኩ።

ከበርሜሉ ሥር ያለው ቱቦ ብቻ ቀረ።
ክዳኑን ከጫፉ ስፈታው ስፕሪንጉ እንደ እባብ በረረ፣
ምድጃው ሥር ገባ፤ ውሻው ተከተለ፤
ስፕሪንጉስ ወጣልኝ፣ ገፊው ግን የት አለ?
እንደ ቆብ ስፕሪንጉ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ፣
አብሮ መውጣት ሲገባው ቀረ ከቱቦው ውስጥ።

ያኔ ነቃሁ። በሽታው የጉሮሮ ነው።
የእንጨቱን ልባስ ፈትቼ በጣቴ ጫፍ ሄድኩበት፣
እንደ ዓይነ ስውር፣ ቀስ ብዬ፤ አገኘሁት፤
ከጥፍር የማትሰፋ አንዲት ስርጉድ፣
ጉንጭ ላይ ብትሆን ስንቱን በፍቅር የምታነድ።

"ምን መታው?" አልኳት። አክስቴ ዝም አለች፤
ስኳር የሌለውን ሻይ ሁለቴ አማሰለች።
"ስድስት ዓመቴ ነበር። ሐይቁ መሃል ነን።
'ያዥልኝ' ብሎኝ ውሾቹን ሊያላቅቅ ወረደ።
እጄ ደንዝዞ ነበር፤ ለቀቅሁት። ከሸርተቴው ብረት ላይ አረፈ።
በረዶውን ጠርጌ ሰጠሁት። አልተነፈስኩም፤ እሱም ሳያውቅ አለፈ።"

አምብሯዝ አንድ ጥይት! ስሙ በወንዝ የወረደ፣
በየሠርጉ በቫዮሊን የተወደሰ፣ የተወደደ፣
"ሁለተኛ አያሻውም፤ አንዴ ከተኮሰ አለቀ!"
ለካ ዝናው ሁሉ የመጣው ጉሮሮ ስለታነቀ።

"ኩራቱን ወዶት ነበር" አለች፤ "እኔ የቆጠርኩት ሌላ ነው።
ከጎኑ ስለምንቀመጥ በርሜሉን ባዶ አድርጎ ይጓዛል፤
አውሬ ሲያይ ያቺን አንዷን ያሻግራል። ከሳተ፣ ሳተ።
አራት ሙስ። አንዱ ቆስሎ ቆሞ ሲያየን፣
አባቴ ከዚያ በር ጋር ሲታገል፣ ጣቱ ሲደማ፣ ጫካው ዋጠው።
በዚያ ክረምት ጥንቸል በላን። ጥንቸል ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠግብም።
እናቴ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋች።
በላሁት።"

ከአሮጌ አክስል ዘንግ ቀረጽኩ፣ ጫፉን አሞጠሞጥኩ፣
ቅባት ቀብቼ፣ በመዶሻ ቀስ፣ ቀስ፣ ስርጉዷን ከውስጥ መለስኩ።
ውሻው ስፕሪንጉን አመጣ፣ በምራቅ የራሰ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ገጠምኩት።

"አጉርሰው" አለች።
አንድ።
ሁለት። ዓይኗን ጨፈነች። ገባ።
ሦስት፤ አራት፤ አምስት፤ ስድስት።
ሰባተኛውን ስገፋ ግማሹ ደጅ ቀረ፤
ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ወደ መዶሻው ዞረ።
"ተወው" አለች አክስቴ፣ ጥይቱን ከእጄ ተቀብላ፤
"ይኼኛው እምቢታ አይደለም። ጠግቦ ነው።"